በራቁቷ ቮልስ ወደ ፍል ውሃ

ጎፋ፣ ቅዳሜ ማለዳ

ከቤት ስንወጣ ሰፈሩ ገና አልነቃም ነበር። የነቃው ዳቦ ቤቱ ብቻ ነው። ትኩስ ዳቦ በፌስታል ይዤ አባባን በር ላይ ጠበቅኳቸው። አባባ ለጉዞ ሲነሱ እንደ ሙሽራ ይዘገያሉ። ጫማቸው ይወለወላል፣ ኮፍያ ይመረጣል፣ የተመረጠው ይጣልና ሌላ ይሞከራል፣ በመጨረሻ ያው የዘወትሩ ኮፍያ ይደረጋል።

ለዚህ ጉዞ ሁለት ምክንያት ነበረኝ፤ አንዱን ነግሬያቸዋለሁ፣ ሌላውን ደብቄያቸዋለሁ። የነገርኳቸው የጉልበታቸውን ነገር ነው። ጉልበታቸውን ካመማቸው ቆይቷል፤ ፍል ውሃ ይሻለዋል የማይል ጎረቤት ደግሞ የለም። መካኒሳ ያለ አንድ ጋራዥ ያረጁ ቮልሶችን እየቆረጠ፣ ጣሪያና በራቸውን እያነሳ፣ በብረት ቧንቧ አጥሮና ትልልቅ ጎማ ገጥሞ «በጊ» የሚባል የሜዳ መኪና ይሠራል። ቅዳሜ ቅዳሜ ሰው ሰብስቦ ከዝዋይ ወዲያ ወዳለ ፍል ውሃ በአስጎብኚ ይወስዳል። ይህን ስነግራቸው የፍል ውሃው ወሬ ብዙም አልሞቃቸውም። «ቮልስ» የሚለውን ሲሰሙ ግን ያን የታመመ ጉልበት ረስተው ከወንበራቸው ተነሱ። ሰፈሩ ጋሽ ታደሰ የሚላቸው አባቴ ዕድሜያቸውን በአሰብ መንገድ ላይ ተሳቢ ሲያመላልሱ የኖሩ ሾፌር ናቸው።

የደበቅኩት ምክንያት ዓይናቸው ነው። አባባ የዓይን ግፊት አለባቸው። ሐኪሙ ከጎንና ከታች ያለውን ነገር ማየት እየተሳናቸው እንደሚሄድ ለእኔም ለእሳቸውም ነግሮናል፤ እሳቸው የሰሙት ግን ስለ ጠብታው ብቻ ነው። ግቢያችን ውስጥ የምትቆመውን አሮጌ ዲኤክስ ዛሬም ይነዳሉ። ባለፈው ወር መካኒሳ ላይ ልጅ ያዘለች ሴት ለጥቂት ተረፈች። «ድንገት ዘላ ገባችብኝ» አሉ። አልዘለለችም። ቀስ ብላ ነበር የምትሻገረው፤ ጎናቸው ተቀምጬ አይቻለሁ።

ወንድሞቼ ይህን ሲሰሙ ተሰብስበው መከሩና «በቃ መንዳት ያቁሙ፤ አንቺ ንገሪያቸው» አሉኝ። ለድመቷ ቃጭል ማን ይሰርላት ሲባል አይጦቹ ሁሉ ወደ እኔ ዞሩ። እኔ ሰናይት፣ ከደንብ አስከባሪ ጋር ስከራከር አፌ የማይያዝ፣ አባባ ፊት ስቀርብ ግን ምላሴ ይታሰራል። ስለዚህ ዘዴ ፈጠርኩ። ሞቅ ያለ ውሃ ውስጥ የተዘፈቀ ሰው አይቆጣም። እዚያ ቀስ ብዬ እነግራቸዋለሁ አልኩ።

እስከ ዝዋይ

በጊዎቹ የሚያድሩት ዝዋይ ስለሆነ እስከዚያ የሄድነው በሚኒባስ ነው። አስጎብኚያችን ሮቤል ይባላል፤ የጋራዡ መካኒክም ነው፣ ሳቂታና ጠንቃቃ ጎልማሳ። ከእኛ ሌላ አራት ወጣት ወንዶች፣ የመሥሪያ ቤት ጓደኛሞች፣ ተሳፍረዋል። አባባ ጋቢና ገቡ፤ ሌላ ቦታ መቀመጥ እንደሚቻል አያውቁም። ከሃይሌ ጋርመንት ወደ ቃሊቲ እስክንወጣ ድረስ ሚኒባሱን የነዱት እሳቸው ናቸው ማለት ይቻላል።

«ማርሽ ቀንስ እንጂ የእኔ ልጅ፣ ሞተሩ እኮ እያቃሰተ ነው።»

«እሺ ጋሼ።»

«ስፖኪዮህን እይ፤ ለጌጥ አይደለም የተሰቀለው።»

ሾፌሩ ደግ ሰው ነበር፤ «እሺ ጋሼ» እያለ በራሱ መንገድ ነዳ። ፈጣኑ መንገድ ላይ ስንገባ አባባም ዳቦአቸውን መግመጥ ያዙ። ደብረ ዘይትን በግራችን አለፍን፣ በሞጆ ታጥፈን የቆቃን ውሃ አየን፣ መቂ ስንደርስ በየመንገዱ ዳር የቲማቲም ሣጥን እንደ ግንብ ተደርድሮ ነበር። ቆላው እዚያ ጋ ይጀምራል። ሹራቤን አወለቅኩ፤ አባባ ኮታቸውን አላወለቁም። ሾፌር በኮት ነው የሚከበረው ይላሉ።

ዝዋይ፣ የዛሬዋ ባቱ፣ ሐይቁ ዳር ወርደን ዓሣ በላን። አንድ ሙሉ ጥብስ ዓሣ አራት መቶ ብር ነው፤ ለሁለት ይበቃል፣ ለአባባ ግን አይበቃም። አባ ኮዳዎቹ ረጃጅም እግራቸውን ተክለው፣ ራሰ በራ አናታቸውን ዘንበል አድርገው አጥንት ይጠብቃሉ። አባባ «እነዚህ ደግሞ ጡረታቸው ያልደረሰላቸው ናቸው» ብለው አሳቁን። ያን ሁሉ ቀልድ እያወሩ እጃቸው ጠረጴዛው ላይ አንድ ነገር ይፈልግ ነበር። ሚጥሚጣው ከሳህናቸው በስተቀኝ ተቀምጧል። ሳልናገር ወደ መሐል ገፋሁላቸው፤ አገኙትና መብላታቸውን ቀጠሉ።

ራቁቷ ቮልስ

ከከተማው ወጣ ብሎ ባለ ግቢ ሦስት በጊዎች ቆመው ጠበቁን። አባባ አንዷን ዞሩአት። ከኋላ ጎንበስ ብለው ሞተሩን አዩ፣ በመዳፋቸው መታ መታ አደረጉት።

«ይቺማ ቮልስ ናት!» አሉ። «ልብሷን ገፈው ሜዳ ላይ ያቆሟት።»

«ቮልስ ናት ጋሼ» አለ ሮቤል። «በሽታ የማታውቅ ሞተር ናት፤ መጣል አሳዝኖን ነው።»

የሮቤል ደንብ አጭር ነው። እሱ ከፊት ይሄዳል፤ ማንም አይቀድመውም። ሌላው የጎማውን ዱካ ይከተላል። እሱ እጁን ካነሳ ሁሉም ይቆማል። የሚነዳ ሰው መንጃ ፈቃድ ያሳያል። ከእኛ ማን እንደሚነዳ ሲጠይቅ እኔ አፌን ሳልከፍት አባባ መንጃ ፈቃዳቸውን ከኮታቸው የደረት ኪስ አውጥተው ዘርግተው ነበር። ጊዜው አላለፈበትም። ሮቤል አየውና ዓይኑን ወደ እኔ መለሰ።

«ጋሼ፣ ዓይንዎ እንዴት ነው?»

«የእኔ ዓይን? የደንካሊያን በረሃ በአቧራ ውስጥ አሻግሮ ያየ ዓይን ነው!»

ሁሉም ሳቀ፤ እኔም ሳቅኩ። በልቤ፣ ሜዳ ነው፣ ከግራርና ከአቧራ በቀር የሚገጭ ነገር የለም አልኩ። ደግሞስ አንዴ ደስ ቢላቸው ምናለ? ጎናቸው ተቀመጥኩና ቀበቶዬን አሰርኩ።

እውነቱን ልናገር፤ ነዱ! እንዲህ ነድተው አያውቁም። የአሉቶ ተራራ ከፊታችን ተገትሯል፣ መሬቱ ከእግራችን ሥር ነጭና ፍርክስ ነው፣ ጎማው የረገጠው ድንጋይ ሁሉ እንደ ደረቅ ዳቦ ይደቃል። ቦታ ቦታ ላይ ጥቁር መስታወት የመሰለ ድንጋይ በፀሐይ ያብለጨልጫል። አባባ ፍሪሲዮኑን ሲረግጡ ያ የሚያማቸው ጉልበት እንደ ቅቤ ይታጠፋል። ደረቅ ወንዝ ስንወርድ በከባድ ማርሽ ያዟት፣ ስንወጣ ለቀቋት፣ አንድ ጊዜም ሞተር አላጠፉም። ከኋላችን የሚመጡት ወጣቶች ሁለት ጊዜ አሸዋ ይዟቸው ቀርተዋል። ጸጉሬ አፌ ውስጥ እየገባ እጮሃለሁ፣ አባባ ይዘፍናሉ። ወንድሞቼ ይህን ቢያዩ ምን ይሉ ይሆን አልኩ። ሐኪሙ ተሳስቶ ቢሆንስ ብዬም አሰብኩ፤ እንዲያውም እርግጠኛ ለመሆን ጥቂት ነበር የቀረኝ።

ቅርንጫፉ

ከአንድ ሰፊ ግራር ሥር ስንደርስ ሮቤል ከዱካው ወጣ ብሎ ቆመና እጁን አነሳ። ከእሱ ፊት ለፊት መንገዱ ላይ ገና ትኩስ የሆነ አረንጓዴ የግራር ቅርንጫፍ ተጋድሟል። ቅርንጫፉን አየሁት። የሮቤልንም እጅ አየሁ። አባባም ያያሉ ብዬ ጠበቅኩ። ፍጥነት አልቀነሱም። ሮቤልን በቀኛችን ትተን አለፍን፣ ቅርንጫፉ ከጎማው ሥር ተንቋቋ፣ ያኔ ነው «አባባ!» ያልኩት። ጉብታውን ዘለን ወረድን።

መጀመሪያ የታየኝ እንፋሎቱ ነው። ከዚያ ጩኸቱ መጣ። ፍል ውሃው ከጉብታው ሥር ነበር፣ ውስጡ ደግሞ ሴቶች። አሥር ይሆናሉ፣ ከዚያም ይበልጣሉ፤ ለመቁጠር ፋታ የሰጠኝ አልነበረም። አባባ ፍሬኑን በሁለት እግራቸው ቆሙበት። በጊዋ ተንሸራታ ከውሃው ጠርዝ ጥቂት ክንድ ሲቀራት ቆመች። ከፊታችን አንገቷ ድረስ የተነከረች ወጣት ሴት ነበረች። ዓይኗን ከጎማችን ላይ አላነሳችም።

ከዳር ልብሳቸውን ስትጠብቅ የነበረች አንዲት ትልቅ ሴት መጥታ ከመኪናችን ፊት ቆመች። በእጇ ለስላሳ ቀጭን በትር ይዛለች። በአርሲ ያገባች ሴት ሁሉ ያቺ በትር አለቻት፤ ሲንቄ ይሏታል። ሴት ሲንቄዋን ይዛ ከቆመች የተከበረ ሽማግሌም ቢሆን አያልፋትም፤ መኪናማ የት ሊደርስ። ሮቤል እየሮጠ ደረሰ፣ ፊቱን ወደ ተራራው አዙሮ በኦሮምኛ ይለምን ጀመር። ሴትየዋ አላየችውም። የምታየው አባባን ነው።

አባባ ወረዱ። ጀርባቸውን ለውሃው ሰጡ፣ ያን የተመረጠ ኮፍያ አወለቁ፣ ጎንበስ ብለው ከእግራቸው ሥር እርጥብ ሣር ነጩ። ሣሩን በሁለት እጃቸው ይዘው «ዲፈማ» አሉ፤ ይቅርታ ማለት ነው። ከአርሲ ስንዴ ባመላለሱበት ዘመን የተማሩት ወግ ነው። እርጥብ ሣር ይዞ የለመነን ሰው ማሳፈር ነውር ነው።

«ቅጠሉን አላየህም?» አለች ሴትየዋ በአማርኛ። «ቅጠል ከተጣለ ሴት ገብታለች ማለት ነው። ሕፃን ልጅ እንኳ ያውቃል።»

አባባ ሣሩን በእጃቸው አገላበጡ። ከዚያ «በእኛ በሾፌሮች ደንብ» አሉ፣ «መንገድ ላይ ቅጠል ከተጣለ፣ ወደፊት የተበላሸ መኪና አለ ማለት ነው እመቤቴ። ልርዳ ብዬ ነው የመጣሁት።»

እውነት ነው፤ የትም አገራችን መንገድ ላይ የተበላሸ መኪና ከፊትና ከኋላው ቅጠል ይጣልለታል። ሴትየዋ ነገሩን ውሃው ውስጥ ላሉት በኦሮምኛ አስተላለፈች። ከዚያ ከእንፋሎቱ ውስጥ የአንዲት አሮጊት ድምፅ አንድ ነገር ተናገረና ውሃው በሙሉ በሳቅ ተናወጠ። ሮቤል ፊቱን እንዳዞረ ተረጎመልን።

«'የተበላሸሁትስ እኔ ነኝ፤ ና ጠግነኝ' ነው የሚሉት።»

አባባ እስከ ጆሯቸው ቀሉ። ፍርዱም ተሰጠ። ወንዶቹ ከጉብታው ማዶ ጀርባቸውን ሰጥተው ሴቶቹ እስኪጨርሱ ይጠብቃሉ። ሲጨርሱ ደግሞ ያቺን ዳሌዋን የሚያማትን ቀልደኛ አሮጊት በመኪናችን ቤቷ ድረስ እናደርሳለን።

ውሃው ውስጥ

እኔ ሴት ስለሆንኩ ተጋበዝኩ። በትሯን የያዘችው ሴት አደ ሸምሲያ ትባላለች፤ አደ እንደ እኛ ወይዘሮ ነው። አሮጊቷ አማቷ ናት። ሳሙና እንዳላወጣ አስጠነቀቀችኝ፤ ውሃው ሳሙና አይወድም ይላሉ። ምንጩ ከሚፈላበት ዓይን አጠገብ ድንች በጨርቅ ተቋጥሮ ተነክሯል፣ ሴቶቹ ሲወጡ ምሳቸው ነው። ከዓይኑ ራቅ ባልኩ ቁጥር ሙቀቱ እየለዘበ መጣና አንድ ቦታ ላይ ልክ ሆነልኝ። አጥንቴ የላላ መሰለኝ። አደ ሸምሲያ የቦታውን ስም እንዳልጽፍ አስማለችኝ፤ ቅዳሜ ቅዳሜ የሚመጣው መኪና በቅቷታል።

«አባትሽ ደግ ሰው ነው» አለችኝ። «አፉም ይጣፍጣል።»

«ይጣፍጣል» አልኩ።

ያቺ ወጣት ሴት ከእኔ አጠገብ ተቀምጣ የሕፃን ልጅ ጨርቅ ታጥብ ነበር። ሕፃኑ ዳር ላይ ጥላ ሥር ተኝቷል። በጊዋ የቆመችበትን ቦታ አየሁ፣ ሕፃኑን አየሁ። ሙቅ ውሃ ውስጥ ሆኜ በረደኝ።

ምክንያቱም እኔ የሾፌር ልጅ ነኝ። ቅጠል ያየ ሾፌር ፍጥነት ይቀንሳል፤ ቅጠሉን ዞሮ ያልፋል። አባባ ግን ረግጠውት ነው ያለፉት፤ ያውም ጎማ የሚበሳ የግራር እሾህ። ያ የሾፌሮች ደንብ ያሉት ነገር ቅርንጫፉን ካዩ ሰው አፍ የወጣ አይደለም። ሴትየዋ «ቅጠሉን አላየህም?» ስትላቸው ነው ቅጠል እንደነበረ ያወቁት። አስቆን ያለፈው መልስ እዚያው ቆመው የተሠራ መልስ ነበር። እኔ ደግሞ ሁሉንም እያየሁ፣ ያያሉ ብዬ ጠበቅኩ።

ሴቶቹ ወጥተው የወንዶቹ ተራ ሲሆን እኔ ከጉብታው ማዶ ተላክሁ። ሞቅ ባለ ውሃ ውስጥ እነግራቸዋለሁ ያልኩት ዘዴ እንዲህ ሆኖ ቀረ። ወንዶችና ሴቶች አብረው እንደማይገቡ ያላሰብኩት የት ሄጄ ነው? ድንች እየበላሁ የአባባን ድምፅ ጠበቅኩ። ወጣቶቹ ይጮኻሉ፣ ይረጫጫሉ። የአባባ ድምፅ አልተሰማም።

መልስ

አሮጊቷን ልንጭን በጊዋን ስናዘጋጅ አደ ሸምሲያ መሪውን በበትሯ አመለከተች።

«በል፣ አንተ ነህ መኪናውን ያመጣኸው፤ አንተ ውሰዳት።»

አባባ መሪውን አዩት። ጸጉራቸው ገና እርጥብ ነው፣ ፊታቸው በሙቀቱ ቀልቷል። «ልጄ ትነዳለች» አሉና ኋላ ወንበር ላይ ወጡ። ጉልበታቸው ምንም አላስቸገራቸውም። አባባ መኪና ውስጥ ከኋላ ሲቀመጡ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ አየሁ።

ነዳሁ። አሮጊቷ ጎኔ ተቀምጣ የቧንቧውን ብረት በሁለት እጇ ጨብጣ ትስቃለች። ጎጆዋ ስንደርስ እጄን ስማ በሰፊ ቅል እርጎ አጠጣችን። ደረቅ ወንዙ ላይ ማርሽ አሳስቼ ሞተሩ ጠፋብኝ፤ ከኋላዬ ስድብ ጠበቅኩ። ምንም አልመጣም። ከዝዋይ እስከ ቃሊቲም ሚኒባሱ ውስጥ ከመጨረሻው ወንበር ተቀምጠው በመስኮት ያዩ ነበር። ሾፌሩ ሁለት ጊዜ ዞሮ «ጋሼ፣ ሰላም ነው?» ብሎ ጠየቀ። እኔም ፈራሁ።

ጎፋ፣ ሲመሽ

ሰፈር ስንገባ መብራት ጠፍቷል፤ ሱቆቹ ሻማ አብርተዋል። የግቢያችንን በር ከፍቼ አስገባኋቸው። ዲኤክሷ እንደቆመች ነች። አባባ ከአጠገቧ ሲደርሱ ቆሙና እጃቸውን ኮፈኗ ላይ አሳረፉ።

«ቅጠሉን አላየሁትም እኮ» አሉ። «ሴቶቹንም አላየሁ። ጩኸት ሰምቼ ነው የቆምኩት።»

«አውቃለሁ አባባ።»

ወደ እኔ ዞሩ። «ታውቂያለሽ?»

«አውቃለሁ። ቅርንጫፉንም አይቼው ነበር። መካኒሳ ላይም ሴትየዋ አልዘለለችም።»

ይሰበራሉ ብዬ ነበር የፈራሁት። ይህን ሁሉ ወር ምላሴን ያሰረው እሱ ነው፤ ኩሩ ሰው ናቸው፣ ይሰበራሉ ብዬ። አልተሰበሩም። ተቆጡ!

«ታዲያ ምን ትጠብቂያለሽ? ጎኔ ተቀምጠሽ? እኔ እኮ ዝም የሚል ረዳት ከመኪና አውርጄ በረሃ ላይ ትቼ የሄድኩ ሰው ነኝ! ሾፌር ሁሉን አያይም፤ ጎኑ የተቀመጠ ነው የሚነግረው። ያቺ ልጅ ውሃው ውስጥ ራሷ ብቻ ነበር የሚታየው አሉ። አንቺ እኔን አክብረሽ እሷን ልገድላት ነበር?»

ለእሳቸው ያዘጋጀሁት ለስላሳ ንግግር፣ «ዕድሜ ነው፣ ሁላችንም ላይ ይደርሳል» የሚለው ሁሉ፣ ከአፌ ጠፋ። ይቅርታ አልኩ። ሣር ባገኝ እነጭ ነበር፤ ግቢያችን ሲሚንቶ ነው።

ስለ ፍል ውሃው የሚጠይቁኝ አሉ። ሂዱ፣ ጉልበት ያድናል፤ አባባ ይኸው ደረጃውን ያለ ምርኩዝ ይወጣሉ። በጊዋም ደስ ትላለች፤ ኮፍያችሁን እሰሩ፣ ሳሙና አትያዙ፣ መንገድ ላይ አረንጓዴ ቅርንጫፍ ካያችሁ ቁሙ። እኔ ከዚህ ጉዞ ያመጣሁት ግን ሌላ ነው። ዝምታዬን አክብሮት እለው ነበር፤ ፍርሃት ኖሯል። የሚገባውን እውነት የከለከሉት ሰው ተከበረ አይባልም።

በማግስቱ እሑድ መካኒሳ ቤተ ክርስቲያን መሄድ ነበረብን። ከቤት ስወጣ አባባ ቀድመውኝ ዲኤክሷ ውስጥ ገብተዋል፤ ከሾፌሩ ጎን ባለው ወንበር። ቀበቶ አስረዋል። ገባሁ፣ ሞተር አስነሳሁ፣ በሩን ወጣን።

«አንድ ነገር ልንገርሽ» አሉ አስፋልቱ ላይ ስንወጣ። «ከዛሬ ጀምሮ ጎን የምቀመጠው እኔ ነኝ። እኔ ግን ዝም አልልሽም።»

እውነትም ዝም አላሉኝም።